መስታወት አልባው ካሜራ ወደ አምቦ ሲመጣ፤ የፎቶ ቤቶች ሒሳብ ምን ይላል?

ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ባሉት ሳምንታት ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሠርግ አጀብ አይጠፋም። ከአጀቡ ፊት በምትሄደው መኪና መስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ የሚቀርጸው ካሜራ ማንም እንዲሁ የተለመደ ነው። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ዕቃ ከነሌንሱ አንድ ኪሎ ተኩል ያልፋል። በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ ላሉት ፎቶ ቤቶች ይኸው ዕቃ ዋነኛ ካፒታላቸው ነው። የሠርግ ቀብድ የሚያዘውም፣ የዕቁብ ዕጣ የሚጠበቀውም ብዙውን ጊዜ በእሱ ምክንያት ነው።

ይህን ዕቃ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ግን ፊታቸውን ካዞሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የጃፓን ካሜራ አምራቾችን ያቀፈው ሲፓ የተሰኘው ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2012 ከፋብሪካ የተላኩት ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ከ16 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በ2020 ሚረርለስ የሚባሉት መስታወት አልባ ካሜራዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ቀደሟቸው። በ2024 ሚረርለሱ ከ5 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሲላክ ዲኤስኤልአሩ አንድ ሚሊዮን ገደማ ላይ ወርዷል። ካነንም ሆነ ኒኮን ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር ለገበያ አላቀረቡም። ሶኒ መስመሩን ጭራሹን ዘግቶታል።

የገበያው ጥያቄ እንግዲህ ከዚህ ይነሳል። በቶኪዮ የተዘጋ መስመር በአምቦ ስንት ዓመት ይሠራል? መቀየርስ ካለበት፣ ባለፎቶ ቤቱ የሚከፍለው እውነተኛ ዋጋ ስንት ነው? ጥያቄው የመዝናኛ አይደለም። የፊልም ዘመን ሲያበቃ ኮዳክን የሚያህል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ ከለላ እስከ መጠየቅ ደርሷል። በየከተማው ባለቀለም ፊልም የሚያጥበውን ማሽን በትልቅ ብር ገዝተው ዲጂታሉ የደረሰባቸው ሰዎችም ማሽኑን በመጨረሻ የሸጡት በብረት ዋጋ ነበር።

መስታወቱ ለምን ነበር? ለምንስ ወጣ?

ዲኤስኤልአር ካሜራ ሆዱ ውስጥ በ45 ዲግሪ የተጋደመ መስታወት አለው። በሌንሱ የገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ አርፎ ወደ ላይ ይነጥራል፤ ከላይ የተቀመጠው ፕሪዝም አጣምሞ ወደ ዓይን ያደርሰዋል። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ብርሃኑ ከኋላ ወዳለው ሴንሰር ያልፋል፣ መስታወቱ ተመልሶ ይወድቃል። በየሠርጉ የሚሰማው «ቀጭ፣ ቀጭ» ከዚህ የሚመጣ ነው።

ይህ አሠራር የፊልም ዘመን ቅርስ ነው። ፊልም ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ ምን እንደያዘ አያሳይም፤ ስለዚህ ሌንሱ የሚያየውን ለፎቶ አንሺው የሚያሳይ መስታወት የግድ ያስፈልግ ነበር። ሴንሰር ግን ያየውን በዚያው ቅጽበት ማሳየት ይችላል። በሚረርለስ ካሜራ ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ሴንሰሩም ምስሉን ከኋላ ወዳለው ስክሪንና በማያ ቀዳዳው ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ስክሪን ይልካል። መስታወቱ ሥራ ፈታ ማለት ነው።

መስታወቱ ሲወጣ ለእሱ የተተወው ባዶ ቦታም አብሮ ይወጣል። በካነን ዲኤስኤልአር ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በሚረርለሱ 20 ሚሊ ሜትር ሆኗል። በኒኮን ከ46.5 ወደ 16 ወርዷል። ለውጡ በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። ፓናሶኒክ የመጀመሪያውን ሚረርለስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ሶኒ በ2013 ባለሙሉ ፍሬም ሴንሰር የሆነውን አልፋ 7 አመጣ። ሁለቱ ትልልቆች፣ ካነንና ኒኮን፣ በሙሉ ፍሬም ደረጃ ወደዚሁ የገቡት በ2018 ነው። ሁለቱም ሲገቡ የሌንስ መግጠሚያቸውን ቀየሩ። ካነን ከ1987፣ ኒኮን ደግሞ ከ1959 ጀምሮ የያዙትን ነው የለወጡት። የገንዘቡ ነገር የሚጀምረው ከዚህ መግጠሚያ ነው።

አንድ ብርጭቆ ሻይ

ብዙ ሰው ስለ ሚረርለስ ሲያወራ የሚቀድመው «ቀላል ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ቦዲው ቀላል ነው። ካነን 6ዲ ማርክ 2 ከነባትሪው 765 ግራም ሲመዝን ኢኦኤስ አርፒ የተባለው ሚረርለስ 485 ግራም ነው። ይሁንና በቦዲ ብቻ ፎቶ የሚያነሳ የለም።

6ዲ ማርክ 2 ከ24-105 ሌንሱ ጋር 1,560 ግራም ይመዝናል። አርፒ ለእሱ ከተሠራው 24-105 ሌንስ ጋር 1,185 ግራም ነው፤ ልዩነቱ 375 ግራም መሆኑ ነው። ይህ ቀኑን ሙሉ ለሚያንጠለጥል አንገት ትርጉም አለው። ነገር ግን ባለፎቶ ቤቱ አዲሱን ሌንስ ለመግዛት አቅም አጥቶ አሮጌውን በአዳፕተር ቢገጥም፣ የአዳፕተሩ 110 ግራም ተጨምሮ ድምሩ 1,390 ግራም ይመጣል። የተረፈው 170 ግራም ብቻ ነው።

ከፍ ወዳለው ደረጃ ሲወጣ ነገሩ ይብሳል። የብዙ ሠርግ ፎቶ አንሺዎች ምኞት የነበረው 5ዲ ማርክ 4 ከ24-70 ሌንሱ (ባለ 2.8ቱ) ጋር 1,695 ግራም ነው። አር6 የተባለው ሚረርለስ ከአዲሱ 24-70 ጋር 1,580 ግራም ይመዝናል። አዲሱ ሌንስ ከአሮጌው በ95 ግራም ይከብዳልና ከቦዲው የተቀነሰው ሌንሱ ላይ ተመልሷል። ልዩነቱ 115 ግራም፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው። ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ብሎ ይህን የሚያህል ወጪ የሚያወጣ ነጋዴ አይኖርም፤ ሊኖርም አይገባም።

የመጠን ማነስ ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ከጊንጪ ወደ ጄልዱ ወይም ከጌዶ ወደ ገጠር ቀበሌ በሚኒባስ ለሚጓዝ ካሜራ ማን ትልቅ ጥቁር ሻንጣ «ውስጤ ብር አለ» ብሎ እንደመጮህ ነው። ጸጥታው በተጓደለበት መንገድ ላይ በትንሽ የትከሻ ቦርሳ የሚገባ ዕቃ የራሱ ዋጋ አለው። ይህን ግን በግራም ማስላት አይቻልም።

ሠርጉ ላይ የሚለየው ምንድን ነው?

እውነተኛው ልዩነት ያለው በትኩረት አያያዝ ላይ ነው፤ ካሜራ ማኖቹ ራሳቸው «ፎከስ» የሚሉት። በዲኤስኤልአር ማያ ቀዳዳ ፎከስ የሚይዙት ነጥቦች በስዕሉ መሐል አካባቢ የተከማቹ ናቸው። በሚረርለስ ሴንሰሩ ራሱ ፎከስ ስለሚይዝ ነጥቦቹ ስዕሉን ከዳር እስከ ዳር ሊሸፍኑ ጥቂት ይቀራቸዋል፤ የቅርብ ዓመታት ሞዴሎችም የሰውን ዓይን ለይተው እየተከተሉ ይይዛሉ። በምዕራብ ሸዋ ሠርግ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዚህ አገር ሠርግ ፈረስ አለው። ያጌጠ ፈረስ ላይ ሆኖ በአቧራ መሐል እየጋለበ የሚመጣን ሰው ዓይኑ ላይ ፎከስ ይዞ ማስቀረት በአሮጌው ካሜራ የልምድና የዕድል ጉዳይ ነበር፤ ከአስሩ ሦስቱ ቢሳካ ጥሩ ነው ይባላል። በአዲሱ የሚወድቀው ቁጥር ያንሳል። ማታ አዳራሽ ውስጥ፣ ብርሃን ባነሰበት፣ ሙሽሪት ኬክ ስትቆርስም እንዲሁ።

ሁለተኛው ቪዲዮው ነው። ዲኤስኤልአር ቪዲዮ ሲቀርጽ መስታወቱን ማንሳት ስላለበት ማያ ቀዳዳው ይጨልማል፤ ካሜራ ማኑ በጠራራ ፀሐይ ከኋላ ያለውን ስክሪን በእጁ እየከለለ ለማየት ይገደዳል። በሚረርለስ ማያ ቀዳዳው ለቪዲዮም ይሠራል። በመሆኑም በአንድ ቦዲ ፎቶም ቪዲዮም መሥራት ይቀላል። ሁለት ሰው ይዞ ይሄድ የነበረ ፎቶ ቤት ለአነስተኛ ሠርግ በአንድ ሰው ሊመልስ ይችላል። የቀን አበልና የትራንስፖርት ወጪን ለሚያውቅ ባለቤት ከ375 ግራሙ ይልቅ ይህ ይበልጥበታል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በርካሽ ከሚገኙት አሮጌ ሚረርለሶች ብዙዎቹ ቪዲዮ ሲቀርጹ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ይቆማሉ። ምክንያቱ በአብዛኛው የቀረጥ ጉዳይ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት የቀረጥ ሰንጠረዥ ከ30 ደቂቃ በላይ በተከታታይ የሚቀርጽ ካሜራ «ቪዲዮ ካሜራ» ተብሎ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር ፋብሪካዎቹ ከመስመሩ በአንድ ሰከንድ ዝቅ ብለው ሠሩ። ለብራስልስ ጉምሩክ የታሰበ ገደብ ጉደር ላይ የሽማግሌዎችን ምርቃት መሐል ላይ ይቆርጣል። እንደ ሶኒ አልፋ 7 ማርክ 4 ባሉት የኋለኞቹ ሞዴሎች ገደቡ የለም። የሚገዛ ሰው ይህን መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው ዝምታው ነው። ሚረርለስ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ያለ ድምፅ ያነሳል። በተክሊል ሥርዓትም ሆነ በፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት ቃል ኪዳን ላይ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ የሚረብሽ ካሜራ ማንን በዓይናቸው የሚገሥጹ አባቶችና ፓስተሮች ቁጥራቸው ቀላል አይደለምና ይህ ያስደስታቸዋል። ዳሩ ግን ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል። አዳራሹ ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ካለው በድምፅ አልባው ሻተር የተነሳው ፎቶ ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ፤ የሚጋልበው ፈረስም እግሩ የተጣመመ ሆኖ ይወጣል። ለእነዚህ መደበኛውን ሻተር መጠቀም ግድ ነው።

ባትሪና አቧራ

የአዲሱ ካሜራ ትልቁ ጉድለት ባትሪው ነው። ሴንሰሩና ስክሪኑ ያለማቋረጥ ስለሚሠሩ ኤሌክትሪክ ይጠጣል። ሲፓ ባወጣው የመለኪያ ደንብ 6ዲ ማርክ 2 በአንድ ባትሪ 1,200 ፎቶ ሲያነሳ አርፒ 250 ብቻ ነው። 5ዲ ማርክ 4 900፣ ሶኒ አልፋ 7 ማርክ 3 ደግሞ 710 ያነሳሉ። በተግባር ሲሠራ ቁጥሩ ከዚህ እንደሚበልጥ ካሜራ ማኖች ያውቃሉ፤ የአንዱ ለአንዱ ንጽጽር ግን ያው ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሙሽራው ቤት ተነስቶ እስከ ማታ 4 ሰዓት ለሚሠራ ሰው አርፒን የመሰለ ካሜራ ከአራት ያላነሰ ባትሪ ይፈልጋል። ከዋዜማው ጀምሮ መብራት የጠፋ እንደሆነ አራቱንም ባትሪ የሚሞላበት መላ ማበጀት አለበት። ኦርጂናል ባትሪ ውድ ነው፤ አስመስለው የተሠሩት ደግሞ ሙሉ ነኝ ብለው በድንገት የሚጠፉ አሉ። እናም ሚረርለስ የሚገዛ ሰው የሦስት ባትሪ ዋጋ ከቦዲው ዋጋ ጋር ደምሮ ካልያዘ ሒሳቡ ጎደሎ ነው።

አቧራም አለ። በዲኤስኤልአር ሌንስ ሲቀየር ሴንሰሩ ከመስታወቱና ከሻተሩ ኋላ ተሸሽጎ ይቆያል። በብዙ ሚረርለሶች ሴንሰሩ ራቁቱን አፍ ላይ ተቀምጧል። ካነን ኢኦኤስ አር ሲጠፋ ሻተሩን የሚዘጋ ሲሆን አርፒና ሶኒ አልፋ 7 ማርክ 3 ግን አይዘጉም። በበጋ አቧራ ድንኳን ሥር ሌንስ የሚለዋውጥ ሰው በማግስቱ ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ያያል። ማጽዳቱ ልምድ ይጠይቃል፤ ሴንሰር ቢጫር ደግሞ ጥገናው ከአዲስ ቦዲ ዋጋ ብዙም ላይርቅ ይችላል።

ብሩ የሚደብቀው ልዩነት

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ። ኢኦኤስ አርፒ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ሲወጣ የአሜሪካ ዋጋው 1,299 ዶላር ነበር። በወቅቱ አንድ ዶላር 28 ብር ገደማ ስለነበር ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመር 36 ሺህ ብር አካባቢ ነው። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋዜማ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ያው ዋጋ 74 ሺህ ብር ሆኗል ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ወጥቶ ስለነበር በዚያ ተመን 169 ሺህ ብር ይጠጋል። ፋብሪካው በመካከሉ ያደረገው ቅናሽ አልተቆጠረም፤ በሌላ በኩልም ቀረጡና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክሱ አልተደመረም።

ይህ የምንዛሪ ለውጥ በያዙት ዲኤስኤልአር ላይ እንግዳ ነገር አድርጓል። ዕቃው በዶላር ሲረክስ በብር ተወደደ። ከተመኑ ለውጥ በፊት የገዛውን ካሜራ ዛሬ የሚያስገምት ባለፎቶ ቤት ከገዛበት በላይ ይሰጠዋል፤ «አገልግሎኝም አተረፈልኝ» ብሎ ይደሰታል። ደስታው እውነት ይመስላል። የሚፈተነው ግን ምትኩን ሲጠይቅ ነው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ ቁጥር ወስዶ ማየት ይቻላል። ያገለገለ ዲኤስኤልአር ከተመኑ ለውጥ በፊት 800 ዶላር ያወጣ ነበር እንበል፤ በ57 ሲመታ 45,600 ብር። በምትኩ የሚፈለገው ያገለገለ ሚረርለስ 1,200 ዶላር ቢሆን 68,400 ብር። ባለቤቱ አሮጌውን ሸጦ ለመቀየር ከኪሱ የሚጨምረው 22,800 ብር ነበር። ቆይቶ ዲኤስኤልአሩ ወደ 550 ዶላር ወረደ፣ ሚረርለሱም ወደ 1,000 ዶላር ወረደ፣ ዶላሩ ግን 130 ብር ገባ እንበል። አሮጌው 71,500 ብር ያወጣል፤ በብር 25,900 ጨምሯል። አዲሱ ግን 130,000 ሆኗል። አሁን ከኪስ የሚጨመረው 58,500 ብር ነው፤ ከቀድሞው በ35,700 ይበልጣል። በወረቀት 26 ሺህ ያተረፈው ሰው ለመቀየር ሲነሳ 36 ሺህ ብር ተጨማሪ ይጠየቃል።

እንግዲህ ለባለፎቶ ቤቱ የመቀየሪያ ዋጋ የሚባለው የአዲሱም የአሮጌውም ዋጋ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት ብሩ ሲረክስ በራሱ ይሰፋል። የዲኤስኤልአር ፈላጊ በቀነሰ መጠንም ይሰፋል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ የታገሠው ይጎዳል። በምሳሌው ቁጥር ከአንድ ሠርግ የሠራተኛ፣ የትራንስፖርትና የአልበም ወጪ ተቀንሶ 6,000 ብር የሚተርፈው ፎቶ ቤት ልዩነቱን ለመክፈል ወደ አሥር ሠርግ ሊሠራ ነው። ከተመኑ ለውጥ በፊት አራት ሠርግ አይሞላም ነበር። እርግጥ የሠርግ ዋጋም ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። ይሁን እንጂ አልበሙ፣ ወረቀቱና ነዳጁም አብረው ጨምረዋል።

ይህን ልዩነት ለማጥበብ የሚያስችለው ትልቁ ብልሃት ሌንስን አለመሸጥ ነው። ቦዲ እንደ ስልክ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ ይወድቃል። ጥሩ ሌንስ ግን አሥራ አምስት ዓመት ይሠራል። የካነን አሮጌ ሌንሶች በካነኑ አዳፕተር ፎከሳቸውም ሳይጓደል በአዲሶቹ ቦዲዎች ላይ ይሠራሉ። የኒኮን አዳፕተር ግን የራሳቸው ሞተር የሌላቸውን የድሮ ሌንሶች ፎከስ አያንቀሳቅስም፤ በእጅ ማዞር ሊኖር ነው። በካነን ሌንስ ሶኒ ቦዲ ለመጠቀም የሚሹም የሌላ ኩባንያ አዳፕተር ስለሚያስፈልጋቸው ከመግዛታቸው በፊት ሌንሱን ይዘው ሄደው መሞከር አለባቸው። ለካነን ባለቤት ከ24 ሚሊ ሜትር ብረት በላይ ያልሆነ አንድ አዳፕተር የሌንሶቹን ሙሉ ዋጋ ያድንለታል፤ የ375 ግራሙ ነገር ግን ይቀራል።

ማን ይቀይር? ማን ይቆይ?

አምቦና ጌዶ አንድ ገበያ አይደሉም። አምቦ የዞን ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ሆቴል አላት፣ የምረቃ ሰሞን አላት፣ ሠርጉን ወንጪ ሐይቅ ድረስ ወስዶ ማስነሳት የሚፈልግ ሙሽራም አላት። ከአዲስ አበባ የምትርቀው ከ110 ኪሎ ሜትር በጥቂት ብትበልጥ ነው። ደህና ገንዘብ ያለው ሙሽራ የአምቦው ፎቶ ቤት የሚያሳየው ናሙና ካልጣመው ከአዲስ አበባ ቡድን ማስመጣት ይችላል። የአምቦ ፎቶ ቤት የሚወዳደረው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ጠዋት ተነስቶ ከሚደርስ የአዲስ አበባ ቡድን ጋር ነው፤ በዓመት ከሚሠራቸው ሠርጎች ትርፍ ያለባቸው ደግሞ እነዚያው የሚያመልጡት ናቸው። ስለዚህ በዓመት 20 እና ከዚያ በላይ ሠርግ ለሚሠራ የአምቦ ፎቶ ቤት ቢያንስ አንድ ቦዲ መቀየሩ የሚያከራክር አይመስልም።

ጌዶ፣ ባኮ፣ እንጭኒና መሰሎቻቸው ላይ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የትንሽ ከተማ ፎቶ ቤት ገቢው ጉርድ ፎቶ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የክርስትናና መጠነኛ ሠርግ ነው። የጉርድ ፎቶው ገቢ እየሳሳ መሄዱ አይቀርም፤ የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ፎቶውን እዚያው ስለሚያነሳ ተመዝጋቢው ጉርድ ይዞ እንዲመጣ አይጠየቅም። መለስተኛውን ፎቶ ስልክ ወስዶታል። ለእንዲህ ያለ ቤት ትልቅ ገንዘብ አውጥቶ ሚረርለስ መግዛት ራስን በዕዳ ማሰር ነው። የሚበጀው ከአምቦና ከአዲስ አበባ የሚወጣውን ደህና ዲኤስኤልአር በቅናሽ መያዝ ነው። አሮጌው ካሜራ እኮ ጥሩ ፎቶ ማንሳቱን አላቆመም፤ ያቆመው ፋብሪካው ነው።

ደላላውም ሆነ በቴሌግራም የሚሸጠው ነጋዴ እንጀራውን የሚያገኘው በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ፣ ከአምቦ ወደ ጌዶ ይወርዳል። ገዢው ግን መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። ካሜራ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር አለው፤ ስንት ጊዜ ሻተሩ እንደተከፈተ ይመዘግባል። 5ዲ ማርክ 4 የተሠራው ለ150 ሺህ፣ 6ዲ ማርክ 2 ለ100 ሺህ ጊዜ ነው። በአንድ ሠርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሳ ቤት 150 ሺሁን በ75 ሠርግ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላም ይሠራ ይሆናል፤ ነገር ግን በሠርግ መሐል ቢቆም የሚመለሰው የደንበኛ ብር ነው። ሌንሱን ደግሞ ወደ መብራት አቅንቶ ማየት ነው። ክረምቱን በእርጥብ ክፍል ያሳለፈ ሌንስ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ሊይዝ ይችላል። የቁልፎቹ ማርጀትና የቀለሙ መፋቅ ግን ምንም አይደለም። የካሜራውን መለያ ቁጥር ከደረሰኙ ጋር ማመሳከርም አይረሳ፤ የተሰረቀ ካሜራ በየጊዜው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ጊዜውም ገንዘብ ነው። ለዲኤስኤልአር ፈላጊ የሚበዛው ከጥር ሠርግ፣ ከፋሲካ ማግስትና ከምረቃ ሰሞን በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። በዐቢይ ጾምና በክረምቱ እምብርት ፈላጊው ይጠፋል፤ ቀብድ የማይያዝበት ጊዜ ነውና። ለመሸጥ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ለመግዛት ደግሞ ጾሙ ከገባ በኋላ ያሉት ሳምንታት ይሻላሉ። ችግሩ ባለፎቶ ቤቱ በአብዛኛው አንድ ካሜራ ብቻ ያለው መሆኑ ነው፤ በታኅሣሥ ሸጦ እስከ የካቲት ባዶ እጁን መቆየት አይችልም። ለዚህም ይመስላል በዕቁብም ሆነ በብድር ልዩነቱን አስቀድመው ያዘጋጁት አዲሱን በጾሙ ወራት ገዝተው፣ በሚያዝያና በግንቦት ሁለቱንም ይዘው ከሠሩ በኋላ አሮጌውን ለምረቃው ሰሞን ፈላጊ በሰኔ የሚያወጡት።